ክዳኑ ሳይከፈት «አሮጌ ነው» አይባል

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። በእኛ አካባቢ ይህ አባባል በደንብ ከሚገልጻቸው ነገሮች አንዱ የድሮ የድምፅ ሚክሰር ነው። የዚህን እቃ ዕድሜና ዋጋ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል፣ ማወቁስ ለምን የእኛ የትምህርት ክፍል ሥራ መሆን እንዳለበት ያለኝን አስተያየት ለተማሪዎችና ለመምህራን ላካፍል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በኩል ወርዶ በባሶ ሊበን ወረዳ ይጁቤ ያደገ ሰው እቃውን ያውቀዋል። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ ከድንኳኑ ጀርባ ጀነሬተር ይጮሃል፤ ጠረጴዛ ላይ ሚክሰር ይቀመጣል። ማሲንቆውም፣ ኦርጋኑም፣ ዲጄው የሚያጫውተው ሙዚቃም በእሱ በኩል አልፎ ነው ወደ ሰው ጆሮ የሚደርሰው። በየትምህርት ቤቱም ሚኒ ሚዲያ አለ፤ ብዙዎቻችን ማይክ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጥነው እዚያ ነው።

ታዲያ ሚክሰሩ ሲያረጅ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይጠብቀዋል። አንደኛው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ፍርድ ነው። መዝገቡ ላይ «ከጥቅም ውጭ» ተብሎ ይጻፍና ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ለቆራሌ ይሰጣል። ሁለተኛው የነጋዴ ፍርድ ነው፦ «ይሄ እኮ አንቲክ ነው፤ ፈረንጅ በዶላር ነው የሚፈልገው» ይባልና ሰማይ የነካ ዋጋ ይጠራለታል። አንዱ አሮጌ ስለሆነ ይጥለዋል፣ ሌላው አሮጌ ስለሆነ ያስወድደዋል። በእኔ እምነት ግን ሁለቱም ስህተታቸው አንድ ነው። አንዳቸውም ካቻቢቴ አንሥተው ክዳኑን አልከፈቱም።

ስሙ አይበቃም

ብዙ ሰው ዕድሜና ዋጋ የሚገምተው ፊት ለፊት ከተጻፈው ስም ነው። በአገራችን ስም ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የታሸገ ውኃ ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ «ኦሞ» እንደሚባለው ትልቅ የድምፅ ማጉያም ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው። ሞንታርቦ ግን የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የድሮ የሞንታርቦ ሚክሰር አለኝ» ሲል እቃው ጣሊያን የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከቻይና የመጣ፣ ስም እንኳ የሌለው ሊሆንም ይችላል። ሄዶ ማየት ነው።

የሞዴል ስምም ቢሆን ዓመት አይናገርም። ዲጄዎች ሁሉ የሚያውቁትን የቴክኒክስ ኤስኤል 1200 የሸክላ ማጫወቻ እንውሰድ። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ማርክ 2 የሚባለው በ1979 ተከተለ፤ ምርቱ በ2010 ቆመ፣ በ2016 ደግሞ በአዲስ መልክ ተመለሰ። እንግዲህ «ቴክኒክስ 1200 ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን የአርባ ዓመት ልዩነት አለው ማለት ነው። በሚክሰርም እንዲሁ ነው። የጥንቶቹ የክለብ ሚክሰሮች በክብ ማዞሪያ የሚሠሩ ነበሩ፤ አሁን ግን ሆን ብለው በዚያው መልክ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። መልክም ስምም ምስክር ናቸው፤ ዳኛ ግን አይደሉም።

ዕድሜው የተጻፈው ውስጡ ነው

ዳኛው ውስጥ ነው ያለው። ሚክሰሩ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ፣ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች የያዙት ቻርጅ በሬዚስተር መውጣቱ በመልቲሜትር ከተረጋገጠ በኋላ፣ ብሎኖቹ ይፈቱ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው አይሲው ነው። ጀርባው ላይ ከስሙ በታች ብዙ ጊዜ አራት አሃዝ አለ። ለምሳሌ ቲኤል 072 ከሚለው ሥር 8432 ቢል፣ አይሲው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 በ32ኛው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ቁጥሩ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እስከ 36ኛው ሳምንት ድረስ 8፣ ከ37ኛው ወዲህ ደግሞ 7 ዓመት ገደማ እንቀንሳለን። ስለዚህ 8432 ማለት በእኛ ነሐሴ 1976 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ፖቴንሾሜትሩ፣ ማለትም በተለምዶ «ቮልዩም» የምንለው። በአሜሪካ እቃዎች ላይ ጀርባው ወይም ጎኑ ላይ የአምራቹ መለያ ቁጥርና ቀን አብረው ይታተማሉ። 137 ሲቲኤስ የሚባለው ኩባንያ መለያ ነው፤ 1377125 የሚል ከተገኘ በ1971 በ25ኛው ሳምንት፣ በእኛ ሰኔ 1963 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር ይይዛሉ።

ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነው። አምስት ስድስት ቀን ተሰብስቦ ይጻፍ። አራቱ 1984 አካባቢ ሆነው አንዱ 1997 ቢል፣ እቃው የ1997 አይደለም፤ ያ ክፍል በጥገና የተቀየረ ነው። የሶልደሩ መልክ ከጎረቤቶቹ የተለየ መሆኑ ደግሞ ይህን ያጠናክራል። ጥገና ያልነካቸው ክፍሎች ውስጥ የመጨረሻው ቀን ወሰናችን ነው፤ ሚክሰሩ ከዚያ በፊት ሊገጣጠም አይችልም። ክፍሎቹ መጋዘን ሊቆዩ ስለሚችሉ ግን ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሊገጣጠም ይችላል።

ቁጥር ያልታተመባቸው እቃዎች ሲያጋጥሙ ሌሎች ምልክቶች አሉ። «በምዕራብ ጀርመን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱበት ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ሲኢ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉበት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ጎማ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ላይ የኤክስ ምልክት ተደርጎ ከሥሩ ወፍራም መስመር ካለ፣ ከነሐሴ 2005 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ለአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ዩኤስቢ መሰኪያ ያለውን ሰው «የሰባዎቹ ነው» ቢላችሁ በጨዋነት አመስግናችሁ ሂዱ።

አንድ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ይሄኛው የእኛው ነው። ብዙ የድሮ ሚክሰሮች ላይ ከማዞሪያዎቹ ሥር ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «ማይክ 1»፣ «ማሲንቆ»፣ «ኦርጋን»፣ «ካሴት» ተብሎ የተጻፈ ይገኛል። «ካሴት» የሚለው «ፍላሽ» በሚል ከተተካ ያም ራሱ የዘመን ለውጥ ነው። ፋብሪካው የሠራበትን ዓመት ባይነግረንም እዚህ አገር ምን ሲሠራ እንደኖረ ይነግረናል። እባካችሁ ለማጽዳት ብላችሁ አትላጡት።

ዕድሜና ዋጋ አንድ አይደሉም

ዕድሜው ታወቀ እንበል። ዋጋውስ? «አሮጌ ሚክሰር ውጭ አገር ውድ ነው» የሚለው ወሬ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሌክስ ሮዝነር የሚባል የድምፅ መሐንዲስ ኒውዮርክ ውስጥ ሄቨን ለሚባል ክለብ «ሮዚ» የተባለ ሚክሰር ሠራ። በዚያው ዘመን ገደማ የቦዛክ ኩባንያ ለክለብ የሚሆን ሚክሰር በፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ ዩሬይ 1620 ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መጣ። እነዚህ ዛሬ ውድ ናቸው። ውድ የሆኑት ግን ስላረጁ ብቻ አይደለም። ድምፃቸው ይወደዳል፣ ብዛታቸው ጥቂት ነው፣ ተከፍተው መጠገን ይችላሉ፣ ታሪካቸውም የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን ተሠርተው ማንም የማይፈልጋቸው ሚክሰሮች ሞልተዋል።

የአገራችን ሸክላ የሆነውንም እናስታውስ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ዘመናዊ ሙዚቃችንን በሸክላ አሳተመ። ካሴት ሲመጣ ግን ሸክላው ከየቤቱ ወጣ፤ ተሰበረ፣ ተጣለ፣ የልጆች መጫወቻ ሆነ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ሲዲ እነዚያን ሥራዎች ለዓለም ካሰማ በኋላ የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናውን ቅጂ መፈለግ ጀመሩ። ሸክላው ያው የድሮው ሸክላ ነው። የተለወጠው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደታተመ፣ ማን እንደተጫወተበት መጻፉ ነው። እኛ ባንጽፈው ሌላ ሰው ጻፈው።

እንግዲህ ለእኛ የሚሆነው የዋጋ መለኪያ ሦስት ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ይሠራል ወይ ነው። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ሚክሰር በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። በመጀመሪያ የቮልት መምረጫው 220 ላይ መሆኑ ይታይ፤ የ110 እቃ እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል። ከዚያ በመስመሩ ላይ በተከታታይ የተገጠመ ባለ ክር አምፖል ይዞ መሞከር ነው። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ምልክት ነው። ድምፁ ላይ «እምምም» የሚል ካለ የደረቀ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ይጠርጠር። ማዞሪያው ሲነካ የሚንኮሻኮሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የበጋው አቧራና የክረምቱ እርጥበት ውጤት ነው፤ ብዙዎቹ በኮንታክት ክሊነር ይድናሉ። «ከጥቅም ውጭ» የሚያሰኙት ብልሽቶች ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሸክላ መግቢያና ከኋላ የግራውንድ ብሎን ካለው ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ አለው። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ያለዚያ መግቢያ ሸክላ በትክክል አይሰማም፤ ብዙ ርካሽ አዳዲስ ሚክሰሮች ይህ የላቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ባይሠራስ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ትራንስፎርመሩ፣ መርፌ ያለው የድምፅ መለኪያው፣ መሰኪያዎቹ፣ ማዞሪያዎቹ ሁሉ ለሌላ ጥገና ይውላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የድሮ ቦርድ ክፍሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እግራቸው ቦርዱን በስቶ ያልፋል። በወርክሾፓችን ባለው ተራ ሶልደሪንግ አይረን አንድ ተማሪ ነቅሎ፣ ለክቶ መመለስ ይችላል። የአዲሶቹ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ናቸው። ለመማሪያነት የትኛው እንደሚሻል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ ምን አይቷል ነው። የትኛው አዳራሽ፣ የትኛው የኪነት ቡድን፣ የየትኛው ሚኒ ሚዲያ ነበር? ይህ በቃል የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቀ በኋላ በመልቲሜትር አይለካም።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉ

ይህን ሳነሣ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ብሉቱዝና ዩኤስቢ ያለው አዲስ ሚክሰር በርካሽ ይገዛል፤ በአሮጌ ላይ ምን አደከመህ?» ይሉኛል። እውነት አለው። ለሠርግ ሥራ ነገ ጠዋት የሚፈልግ ሰው አዲሱን ይግዛ፤ አልከራከርም። ደግሞም ከተከፈቱት መካከል በርካቶቹ እውነትም የማይረቡ ሆነው ይገኛሉ። የእኔ ክርክር አሮጌ ሁሉ ይቀመጥ የሚል አይደለም፤ ሳይታይ አይፈረድበት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያውን ሚክሰር ከብረታ ብረት ጋር በኪሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የጠፋው የሸክላ መግቢያ ያለው ይሁን ባዶ ሣጥን፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የሚቆጨኝም ይኼው ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ የአንድ ገጽ መመዝገቢያ ካርድ ይዘጋጅ፦ የአምራቹ ስም፣ ሲሪያል ቁጥር፣ ቢያንስ አምስት የክፍል ቀኖች፣ የቀኖቹ የእኛ አቆጣጠር፣ የሚሠራውና የማይሠራው፣ የነበረበት ቦታ፣ ከክዳኑ ውጭና ውስጥ የተነሣ ፎቶ። ሁለተኛ፣ በየሴሚስተሩ አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይሰጥ፤ በተግባር የሚነበብ አይሲና የሚለካ ካፓሲተር ከጥቁር ሰሌዳ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል። ሦስተኛ፣ በአካባቢያችን ያሉ ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች የድምፅ እቃ ከመወገዱ በፊት ለእኛ እንዲያሳዩ በደብዳቤ ይጠየቁ። እኛ ካርዱን ሞልተን እንመልስ፤ ከዚያ ኮሚቴው የፈለገውን ይወስን። ቢያንስ የሚወስነው አውቆ ይሆናል።

ወጪው ምንድን ነው? ካቻቢቴ አለን፣ መልቲሜትር አለን፣ ፎቶ የሚያነሣ ስልክ በየኪሳችን አለ። የጎደለው ልማዱ ነው። በሚቀጥለው የሠርግ ወር ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከድንኳኑ ጎን ያለውን ሚክሰር ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ተመልከቱት፤ ጀርባውን አንብቡ፣ ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን ገልብጡ፣ መቼና ከማን እንደገዛው ጠይቁ። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑና የመጀመሪያዎቹን ካርዶች አብረን እንሙላ።

ቸር ይግጠመን።