ማንም የማይሄድበት አድራሻ ለምን ይታወጃል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2018 ሌሊት፣ ዴንቨር በሚገኝ የሴንቸሪሊንክ መሣሪያ ውስጥ አንድ ካርድ አራት የተበላሹ ፓኬቶችን አመነጨ። ፓኬቶቹ የማብቂያ ጊዜ ስላልነበራቸው የደረሱበት መሣሪያ ሁሉ ለጎረቤቶቹ መልሶ ያሰራጫቸው ጀመር። መቋረጡ 37 ሰዓት ያህል ቆየ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደሰፈረው፣ በ39 ግዛቶች እስከ 22 ሚሊዮን ደንበኞች ተነኩ፤ ቢያንስ 886 የ911 ጥሪዎችም ሳይደርሱ ቀሩ። ከሌክውድ እስከ አውሮራ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ፣ የአገሪቱን የድንገተኛ ጥሪ ያናጋው ብልሽት የተነሣው ከጎረቤቱ ነበር።

የሪፖርቱ ቁም ነገር ግን ካርዱ አይደለም። ፓኬቶቹ የተጓዙበት የአስተዳደር ቻናል ከአምራቹ ክፍት ሆኖ የመጣ፣ ሴንቸሪሊንክም የማይጠቀምበት ነበር። የፈለገው አልነበረም፤ የዘጋውም አልነበረም።

አደጋው በኦፕቲካል መሣሪያዎች ላይ የደረሰ ነው። ነገር ግን ይኸው ልማድ ኦኤስፒኤፍ በተባለው የራውተሮች ፕሮቶኮልም ውስጥ ይኖራል። ሁለት ራውተሮችን ብቻ የሚያገናኝ መስመር በሁለቱም ጫፍ የኢንተርፌስ አድራሻ አለው። ፕሮቶኮሉ በተለመደው አሠራሩ የመስመሩን አድራሻ በአካባቢው ላሉ ራውተሮች ሁሉ ያስታውቃል፤ የደንበኛ ትራፊክ ግን በመስመሩ ያልፋል እንጂ ወደ አድራሻው አይሄድም። መንገዱን ለማስላት የመስመሩ መኖርና ዋጋው ይበቃል። 300 ራውተሮችና 900 እንዲህ ያሉ መስመሮች ያሉት ኔትወርክ ቢታሰብ፣ 300 የሎፕባክ አድራሻዎች በሚበቁበት ሰንጠረዥ ውስጥ 1,200 ይሰፍራሉ። ሰንጠረዡ ሲወፍር፣ መስመር በተቆረጠ ጊዜ አዲሱን መንገድ መትከል ይዘገያል። ከዚህም የሚከፋው የታወጀ አድራሻ ሁሉ ከሩቅ ሊመታ የሚችል መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 2013 የወጣው አርኤፍሲ 6860 እነዚህን መሸጋገሪያ ኔትወርኮች የሚደብቅበትን መንገድ ያስቀመጠው በእነዚሁ ሁለት ምክንያቶች ነው።

ታዲያ ለምን ክፍት ይተዋል? ለዚህ የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ይበቃል። ክፍት መተው ኦፕሬተሩን ምንም አያስከፍለውም፤ እንዲያውም መሐንዲሱ ብልሽት ሲፈልግ የእያንዳንዱን መስመር ጫፍ ከቢሮው ፒንግ ያደርጋል። ይህን ጥቅም መናቅ አይገባም፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው እሱ ነውና። አድራሻው ሲደበቅ ትሬስራውት መስመሩን ማሳየቱን ቢቀጥልም፣ ያንን ጫፍ በቀጥታ ከሩቅ መጠየቅ ይቀራል። ይሁን እንጂ ራውተሩ ራሱ በሎፕባኩ ይገኛል፤ የመስመሩንም ሁኔታ ከዚያ ሆኖ ማየት ይቻላል። የቀረው ምቾት ነው፤ የምቾቱ ዋጋ ደግሞ የሚወጣው ከደንበኛው ኪስ ነው።

በኢትዮጵያ ሳፋሪኮም በኦክቶበር 2022 አገልግሎቱን በይፋ እስኪጀምር ድረስ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋረጥበት ደንበኛው የሚዞርበት ሌላ ኦፕሬተር አልነበረውም። ዛሬ ሁለት ቢሆኑም፣ ክፍት የተተወን ነገር የሚያስዘጋ የገበያ ጫና የለም፤ ደንበኛ ታሪፍ ያወዳድራል እንጂ የራውተር ሰንጠረዥ አያወዳድርም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የራውተር ትእዛዝ በመመሪያ መጻፍ የለበትም፤ ያ በሁለት ዓመት ውስጥ ያረጃል። ይልቅስ ኦፕሬተሮቹ ከአምራች ክፍት ሆነው የመጡትን አሠራሮች እየዘረዘሩ፣ ክፍት የተተወው ለምን እንደተተወ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ያስገድድ። ትልቅ መቋረጥ ሲደርስም የምርመራውን ውጤት ለሕዝብ ያውጣ። ዴንቨር ላይ የተበላሸችውን ካርድና ያልተዘጋውን ቻናል ዛሬ ማንም ሊያነብ የቻለው ኮሚሽኑ ሪፖርቱን ስላወጣው ነው።