የመኪና ጥበቃና ጥገና፤ የባለቤቱ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ የኢሉባቦር ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው የሀብት በር ነው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ የደጋው ቡና በአጋሰስና በሰው ሸክም ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። በዚያ ዘመን የነጋዴው ሐሳብ የበቅሎው ጀርባ እንዳይገጠብ ነበር፤ ዛሬ የአጋሰሱን ስፍራ የጭነት መኪና ስለ ወሰደው፣ ሐሳቡም ወደ ሞተርና ወደ ፍሬን ተዛውሯል።

እንግዲህ ባለመኪናው የመኪናውን ጉዳይ በገዛ እጁ ይፈጽም ወይስ ለመካኒክ ይስጥ የሚለው ጥያቄ የኪስም የነፍስም ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ለመካኒክ የሚከፈለውን ዋጋ እንደ ኪሣራ ይቈጥረዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው ስለ ናረ፣ በዚያው ዓመትም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለና አሮጌውን መኪና ማሰንበት ግድ ስለ ሆነ፣ ይህ ሐሳብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሌላው ደግሞ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ሳያይ ሁሉን ለጋራዥ ይተዋል፤ የተነገረውን ያምናል፤ የተጠየቀውን ይከፍላል።

ሁለቱም መንገዶች ግማሽ እውነት ናቸው። ትክክለኛው መለያ ጥበቃንና ጥገናን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ጥበቃ የባለቤቱና የሾፌሩ ግዴታ ሲሆን፣ ጥገና ግን የባለሙያው ሥራ ነው።

ጥበቃ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ ማየት፣ የጎማውን ነፋስና ብሎኑን መመርመር፣ ቺንጊያው እንዳልተሰነጠቀ ማረጋገጥ፣ የባትሪውን ራስ ማጽዳት፣ በናፍታ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ በአየር ፍሬን የሚሠራ መኪና ከሆነም የአየሩን ታንክ በየዕለቱ ከውሃ ማጥራት ነው። ይህ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ነገር ግን ወደ ናፍታው ፖምፓ የገባ ውሃ ሊያደርስ የሚችለውን ጥፋት የሚያውቅ ሰው፣ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ያለ ነገር መሆኑን አይስተውም።

ፍሬን፣ መሪ፣ ካምቢዮና የናፍታ ፖምፓ ግን ከዚህ ወገን አይደሉም። የፍሬን ዘይት እየቈየ ሲሄድ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መታገሥ ሲገባው፣ ውሃ ከሳበ በኋላ መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዝናም በማይለየው የኢሉባቦር አገር የከረመ የፍሬን ዘይት ይዞ፣ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከጎሬ ተነሥቶ፣ ከቡሬ ወዲያ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ጋምቤላ ቡና ጭኖ የሚወርድ ሾፌር፣ ከባድ ማርሽ ትቶ በፍሬን ብቻ ከታመነ፣ ዘይቱ ፈልቶ እግሩ ባዶ ሊረግጥ ይችላል። በዚያች ሰዓት ለመካኒክ ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ ዋጋ የለውም።

ባለሱቆችም ከዚህ ኀላፊነት አያመልጡም። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ፈንታ ቢገባ የፍሬኑን የላስቲክ ክፍሎች አሳብጦ ያበላሻልና፣ ስሙ ያልታወቀ ወይም ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ለደንበኛ መሸጥ አይገባም። አስመጪውም በርካሽነቱ ብቻ የመረጠው የፍሬን ሸራ በየትኛው ቍልቍለት እንደሚፈተን ሊያስብ ይገባዋል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው ዓመታዊ ምርመራ አለ ብሎ መዘናጋትም ስሕተት ነው፤ ምርመራው የዚያ ቀን ምስክር እንጂ የዓመቱ ሙሉ ዋስ አይደለም።

ለመካኒክ መስጠትም ዓይንን ጨፍኖ መስጠት አይደለም። ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፤ የወለቀው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የተሠራው ሥራ ከነቀኑና ከነኪሎሜትሩ በደብተር ይጻፍ። አንድ ነጋዴ ብቻውን መካኒክ ለመቅጠር አቅም ባይኖረው፣ የቡሬ ነጋዴዎች ተባብረው ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት አስቀድሞ አንድ የታመነ ባለሙያ ከመቱ አስመጥተው መኪኖቻቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢያስመረምሩ፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል። ከወጣት ረዳቶቻቸውም መካከል ትጉሁን መርጠው ከባለሙያው አጠገብ እየሠራ እንዲማር ቢያደርጉ፣ ቡሬ ከጊዜ በኋላ የራሷን መካኒክ ታገኛለች።

ሸክሙ የነጋዴው ሀብት ነው፤ ሾፌሩና በመንገድ የሚያገኘው እግረኛ ግን ዋጋ የማይወጣላቸው ነፍሳት ናቸውና፣ ቁጠባ የሚባለው እነዚህን የሚጠብቅ ሲሆን ብቻ ነው።