እንጀራው ቢያርም

እሑድ ዕለት አንድ ተማሪያችንን ልንጠይቅ ሄድን። ባለቤታቸው የጡት ካንሰር ታመው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይወስዳሉ። ስለዚህ ምጣዱን የያዙት አባወራው ናቸው። ቤቱን ጭስ ሞልቶታል። እንጀራው አሯል። ጥጃዋም አምልጣ የላሟን ወተት ጠብታ ጨርሳዋለች። እመቤቲቱ መደብ ላይ ሆነው ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን ሳቅ አልነበረም። ሌሊት ትኩሳት ያዛቸው። አባወራው የትኩሳት መለኪያውን በኩራዝ ብርሃን አነበቡ። 38 ከግማሽ ይላል። «ይንጋ» አላሉም። ጎረቤት ቀስቅሰው ሐኪም ቤት አደረሷቸው።

ደግ አደረጉ። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። ያኔ ትኩሳት ለሕይወት ያሰጋል። 38 ከደረሰ ማደር የለም።

«ልጆቼ፣ ለካ ቁጥር የተማርኩት ለዚያች ሌሊት ኖሯል» አሉን።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እንጀራ ቢያር ነገ ይጋገራል።