የጮቄን የእግር መንገድ ማን ይሽጠው?

ጮቄ ሸቀጥ ሆኗል። ቢቸናን፣ ሞጣንና ደብረ ማርቆስን ከላይ ቁልቁል የሚያየው ይህ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ፣ ጅባራውም አስታውም ወደ ዓባይ የሚወርዱት ምንጮቹም፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስማቸው ገበያ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት «የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር»ን ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰለፈው።

ለመሆኑ ሻጩ ማን ነው? ከአዲስ አበባ የሚነሳ እግረኛ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ መኪና ይከራያል፤ ደብረ ማርቆስ ያድራል፤ ስንቁንም እዚያው ይሸምታል። በማግስቱ በድጎ ጽዮን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ተራራውን ወጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ደገኛው እጅ የሚገባው ቢበዛ የመንገድ መሪነት ጉርሻ ነው። ትልቁን ወጪ የሚሸከመው ግን እሱ ነው። አስታው ያገግም ከተባለ ማገዶ ይቀርበታል፤ ጓሳው ይለምልም ከተባለ በጎቹ መሰማሪያ ያጣሉ፤ አቀበቱ አይታረስ ከተባለ ገብሱና ድንቹ ይቀንሳል። የኢኮኖሚክስ መምህራን ለዚህ የረቀቀ ስም አላቸው፤ ደገኛው ያለ ስሙም ያውቀዋል። ስለዚህ ያርሳል። አፈሩም በክረምት ከጎርፍ ጋር ዓባይ ይገባል።

«መፍትሔው ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ነው» ሲባል እሰማለሁ። ቀስ! በምሥራቅ ጎጃም ማኅበር የሚለው ቃል ታሪክ አለው። የደጀኑ የጥኖራ አምራቾች ማኅበር በደርግ ዘመን ስሙ የገነነ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የፈለገ ይውጣ ሲባል ግን፣ በአገሪቱ የነበሩት አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት እንደ ጉም በነኑ። በሬውን ሳይወድ ያዋጣ ገበሬ በሩ ሲከፈት ምን ይጠብቃል?

ሌላ መንገድ አለ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት አፋፍ ላይ እግረኛው ከመንደር መንደር እየተጓዘ ያድራል፤ ጓዙን አህያ ይጭናል፤ ማረፊያው የመንደሩ ነው። ጮቄም ላይ ለአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ጭነት፣ ለአንድ መሪ የታወቀ ዋጋ ይለጠፍ። ገንዘቡ በወረዳ ካዝና ሳይዞር መንደሩ እጅ ይግባ፤ ግጦሽና ማሳ የቀረበት ሰው በቀረበት ልክ ይካፈል። ያልፈለገ አይግባ። ባለሀብቱም ሎጁን ይሥራ፣ ማን ከለከለው፤ አልጋ ይሽጥ እንጂ መንገዱን አይሽጥ።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እግረኛው ራቀ። ለዚህ የገበያ መድኃኒት የለውም። ሰላም ሲወርድ ግን ቀድሞ ደርሶ ተራራውን የሚያጥረው ባለገንዘቡ ነውና፣ የደገኛው ውል ከዚያ በፊት ይጻፍ።