አሮጌዋ ቮልስ ለቤቱ አዲስ ናት

የአገራችን ገበሬ ላም ሲገዛ ዕድሜዋን ከጥርሷ ይመለከታል፣ ጡቷን ይዳስሳል፣ ጠባይዋንም ሻጩን ይጠይቃል። መኪና ሲገዛ ግን ብዙውን ጊዜ አባወራው መሪውን ይጨብጣል፤ እናትና ልጆች ከኋላ ይቀመጣሉ። ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ አይገኝም። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

በንፋስ መውጫ ከተማ አስተማሪ የሆነችው እኅቴና ባለቤቷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቁብ ወጣላቸውና አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ገዙ። ይህች መኪና ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። መኪናዋን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፋት መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ የፖርሽ የስፖርት መኪናም ብዙ ዕቃዋን የወሰደችው ከዚህችው ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተመረተች። ስለዚህ ዛሬ ቮልስ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚገዛው አሮጌ ነው።

እኅቴ ቤት ደስታው ታላቅ ነበር። ልጆቹ በየማለዳው መስተዋቷን ይወለውላሉ። እኅቴ ስለ ሞተሩ ስትጠይቅ ግን ባለቤቷ፣ «ይኼ የወንድ ሥራ ነው፤ አንች ምን አስጨነቀሽ?» ይላት ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ቤተሰቡ ወደ ደብረ ታቦር ተነሣ። የጉና ቁር የታወቀ ነውና መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ማሞቂያው ተከፈተ። ክምር ድንጋይ ሳይደርሱ ትንሿ ልጅ ራሴን አመመኝ አለች፤ ታላቋም አስመለሳት። አባትየው የመንገዱ ጠመዝማዛ ነው ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ እኅቴ ከሰል በተዘጋ ቤት ያጨሱ ጎረቤቶቿ የደረሰባቸው ትዝ አላት። «አቁም! ልጆቹን አውጣቸው!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ በነፋሱ ላይ ጥቂት እንደቆዩ ተሻላቸው። ከዚያም ማሞቂያውን ዘግተው፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ደብረ ታቦር ገቡ።

አንድ አዛውንት መካኒክ መኪናዋን አንሥተው ከሥር ተመለከቱና ለእኅቴ እንዲህ ሲሉ አስረዷት። «ልጄ፣ ይህች መኪና ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያበርደውም ነፋስ ነው። እናንተን የሚያሞቃችሁ አየር በጭስ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ አልፎ የሚመጣ ነው። ቧንቧው ሲሸነቆር መርዙ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። ያንቺ ተሸንቁሯል።» መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ከከሰል የሚወጣው ያው ራሱ ነው። ብቻውን ሽታም ቀለምም የለው።

እኅቴ በዚያው ቀን ጥያቄዋን አላቋረጠችም። መካኒኩም የኋላውን ወንበር አንሥተው አሳዩዋት፤ ባትሪው እዚያ ተቀምጧል። ክዳኑ ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ባትሪውን ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እሷም ክዳን ሳይገጠምለት ከጋራዡ አልወጣችም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቺንጋው ነበር። ዲናሞውንና የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። እሱ ሲበጠስ ከመሪው ፊት ቀዩ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ «ጥቂት ልንዳ» ማለት ሞተሩን ማቃጠል ስለሆነ ወዲያው መቆም ይገባል። ትርፍ ቺንጋም ከመኪናው አይለይም። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ በመሆኑ፣ ጥቂት መጉደሉ እንኳ ይጎዳዋል።

ቮልሷ ዳገት ላይ ስለምን እንደምትደክም እኅቴ የገባት ደግሞ ከወጥ ቤቷ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ባቄላውና ሽምብራው ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋል፤ ካርቡራተሩ ለደጋው ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የሚያበርደው አየርም ስስ በመሆኑ ዳገቱን በዝግታና በዝቅተኛ ማርሽ መውጣት ይበጃል።

እኅቶቼ፣ ከዚህ የምንማረው ሁላችን መካኒክ እንሁን ማለት አይደለም። የዕቁቡ ገንዘብ የሁለቱም ላብ እንደሆነ ሁሉ፣ ዕቃውን ማወቅም የሁለቱም ፈንታ ነው። አሮጌ መኪና የገዛችሁ ሁሉ ልጆቻችሁን ከማሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር አስመርምሩ፤ ይኸውም የጭስ ማውጫውን፣ የባትሪውን ክዳንና ፍሬኑን። በጉዞ ላይ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ቢያመው መንገዱን አታመካኙ፤ መኪናውን አቁማችሁ ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። የማይሻለው ካለም ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ዛሬ እኅቴ ቤት ጉዞ በታሰበ ቁጥር ከመነሣታቸው በፊት የኋላውን ኮፈን ከፍታ ዘይቱንና ቺንጋውን የምታየው እሷ ናት። ባለቤቷም ሞተሩን የሚያስነሣው፣ «እህ፣ እንዴት ነው?» ብሎ መልሷን ከሰማ በኋላ ነው።