የጥልቅ ባሕር ዓሣ ማስገሪያ መርከብ ዋጋና የመርከበኛው ምቾት

ነጋዴ የሆነ ሰው አንድ የሥራ መሣሪያ ለመግዛት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ዋጋ ሁለት ዓይነት መሆኑን የሚዘነጋው ሰው ጥቂት አይደለም። አንደኛው መሣሪያው በተገዛበት ቀን የሚከፈለው ሲሆን፥ ሁለተኛው መሣሪያው እስኪያረጅ ድረስ በየዕለቱ የሚከፈለው ነው። የፊተኛው በውል ወረቀት ላይ ተጽፎ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ይከራከርበታል። የኋለኛው ግን በነዳጅ፥ በጥገና፥ በኢንሹራንስ፥ በሠራተኛ መልቀቅና በአደጋ ስም ተበታትኖ ስለሚመጣ በአንድነት ደምሮ የሚያየው አይገኝም። ከባሕር ዳር ርቀው በጥልቅ ባሕር ላይ ከሚሠሩት የዓሣ ማስገሪያ መርከቦች ይልቅ ይህን ነገር አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሰውና ማሽን ተባብረው የሚሠሩበት ሥራ ሁሉ ያው ሒሳብ አለበትና፥ ጉዳዩ የባሕር በር ለሌለው አገር ነጋዴም ቢሆን ባዕድ አይደለም።

የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ከንግድ መርከብ የሚለይበት ዋና ነገር አለ። የንግድ መርከብ የተጫነለትን ዕቃ ከወደብ ወደ ወደብ ያደርሳል። የዓሣ ማስገሪያው መርከብ ግን ባሕር ላይ ሳለ በአንድ ጊዜ የሥራ ቦታም፥ መጋዘንም፥ መኖሪያ ቤትም ነው። መረቡ የሚጎተተው፥ የዓሣው ሆድ ዕቃ የሚወጣው፥ ታጥቦም በበረዶ የሚቀመጠው በዚያው በጠባብ ስፍራ ሲሆን፥ ሠራተኞቹም የሚበሉትና የሚተኙት እዚያው ነው። ስለዚህ ለመኝታ የተሰጠ ስፍራ ሁሉ ከዓሣው ማከማቻ ወይም ከሞተሩ ክፍል የተቀነሰ ይመስላል። ባለንብረቱ ከመርከብ ሠሪው ጋራ ሲዋዋል ገንዘቡ ያነሰው እንደ ሆነ፥ ሊሰርዝ የሚከጅለው መኝታውን፥ መታጠቢያውንና የሞተሩን ድምፅ የሚከለክለውን ግድግዳ ነው፤ ሞተሩንና የመረብ መጎተቻውን ለመንካት ግን አይደፍርም። እነዚህ ገቢ ያመጣሉ፥ እነዚያ ግን ገንዘብ ይበላሉ ብሎ ያስባልና።

ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት በመጀመሪያ ነዳጁን መመልከት ይጠቅማል። መረብ በሚጎትቱ መርከቦች ላይ የነዳጅ ወጪ ከከባዶቹ ወጪዎች አንዱ ነው። በዚህም ረገድ የመርከብ መሐንዲሶች የሚመሩበት አንድ ሕግ አለ፤ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ መርከብ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ቢፈልግ ስምንት እጥፍ ያህል የሞተር ኃይል ያስፈልገዋል። በዚሁ ሒሳብ ፍጥነቱን ከመቶ 10 እጅ የቀነሰ መርከብ በየሰዓቱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከመቶ 27 እጅ ያህል ይቀንስለታል። ጉዞው ስለሚረዝም ለተጓዘው ርቀት ሲታሰብ ቁጠባው ከመቶ 19 እጅ ያህል ይሆናል። ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን በዝግታ መሄድ በባሕር ላይ የሚያልፈውን ጊዜ ያስረዝመዋል። መኝታው የማያስተኛ፥ መመገቢያው የማያስቀምጥ መርከብ ሠራተኞቹን ወደ ወደብ ለመመለስ ያስቸኩላቸዋል፤ የሚቸኩል ካፒቴን ደግሞ ነዳጅ ያቃጥላል። ከዚህ የተነሣ የመኝታው ክፍል ጉዳይ የነዳጁ ጉዳይም ጭምር ነው።

ምቾት ሲባል ለብዙ ሰው የሚመስለው ለስላሳ ፍራሽና ያጌጠ ክፍል ነው። በባሕር ላይ ግን የምቾት መጀመሪያው የመርከቡ አወዛወዝ ነው። የክብደቱ ማዕከል እጅግ ዝቅ ያለ ሰፊ መርከብ ማዕበል ባዘነበለው ጊዜ በኃይልና በፍጥነት ተመልሶ ይቆማል። በቀላሉ አይገለበጥም፤ ይሁን እንጂ ሰውን ያንገላታል፥ ቆሞ የሚሠራውንም እግሩን ያስተዋል። በአንጻሩ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ መርከብ ለተሳፈረበት ሰው የተመቸ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ያ ዝግታ አንዳንድ ጊዜ መርከቡ ለመገልበጥ የቀረበ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። ስለዚህ መርከብ ሠሪዎች በመርከቡ ሆድ ግራና ቀኝ ክንፍ መሰል ብረት ይገጥማሉ፤ ወይም ውሃው ከጎን ወደ ጎን እየፈሰሰ ማዕበሉን የሚቃወም ታንከር ያበጃሉ። ክንፉ ጉዞውን በጥቂቱ ያከብደዋል፤ ታንከሩም ስፍራ ይይዛል፥ በጥንቃቄ ካልተያዘም የመርከቡን ሚዛን ይጎዳል። እንግዲህ የዋጋ፥ የምቾትና የደኅንነት ጥያቄ የማይነጣጠል አንድ ጥያቄ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል የአይስላንድ ታሪክ ያስረዳል። ያች አገር በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ስትሆን፥ በሃያኛው መቶ ዓመት ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ዋናው ዓሣ ነበር። ትራውለር ከሚባሉት መረብ ጎታች መርከቦች የመጀመሪያውን በ1905 እ.ኤ.አ. ገዛች፤ በ1907 ደግሞ ለአይስላንዳውያን ተብሎ የተሠራው “ዮን ፎርሴቲ” የተባለው መርከብ ገባ። እነዚህ በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ለአገሪቱ ብዙ ሀብት አመጡ። ይሁን እንጂ ዓሣው በብዛት በተገኘ ጊዜ መርከበኞች ሁለትና ሦስት ቀን ሙሉ ያለ እንቅልፍ ቆመው ይሠሩ ነበር፤ ዓሣ እያለ መተኛት የባለንብረቱን ገንዘብ እንደ ማባከን ይቈጠር ነበርና።

በ1921 አልቲንግ የተባለው የአገሪቱ ምክር ቤት የትራውለር መርከበኛ በቀንና በሌሊት ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት እንዲያርፍ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሕጉ የወጣው ያለ ተቃውሞ አልነበረም። ነገር ግን የዕረፍቱ ሰዓት በ1928 ወደ 8፥ በ1955 ወደ 12 ከፍ አለ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ የአይስላንድም የዓሣ ንግድ በዚህ ምክንያት አልወደቀም። አንቀላፍቶ የሚሠራ ሰው መረቡን እንደሚያበላሽ፥ ዓሣውን እንደሚያቈስል፥ ጣቱንም በማሽን እንደሚያስቈርጥ የታወቀ ነው። ሕጉ ያስቀረው ሥራውን ሳይሆን ብልሽቱን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባሕሩ የሚያስከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነም ያው ታሪክ ይመሰክራል። በፌብሩዋሪ 1925 በተነሣው ታላቅ ማዕበል ሁለት ትራውለሮች 68 ሰዎችን እንደ ያዙ ጠፍተዋል። በ2008 ግን አንድም አይስላንዳዊ መርከበኛ በባሕር ላይ ሳይሞት ዓመቱ አለፈ፤ እንዲህ ያለ ዓመት ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በ1985 የተቋቋመው የመርከበኞች ደኅንነት ማሠልጠኛ፥ የተሻሻለው የአየር ጠባይ ትንበያ፥ የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎች፥ ጠንክረው የተሠሩት መርከቦችም እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። በ1984 የተጀመረው የኮታ ሥርዓትም ለእያንዳንዱ መርከብ የሚያወጣውን ዓሣ አስቀድሞ ስለ ወሰነለት፥ ቀድሞ ለመያዝ የሚደረገውን ሩጫ ቀንሶታል። ብዙ መያዝ በማይቻልበት ጊዜ ትርፉ የሚገኘው ዓሣውን ሳያቈስሉ በማምጣት ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ያረፈ ሠራተኛ ነው። በ2017 በቱርክ አገር ተሠርቶ ወደ ሬይኪያቪክ የገባው “ኤንጌይ” የተባለው ትራውለር የዓሣ ማከማቻው በማሽን የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ከባዱን የዓሣ ሣጥን እያነሣ ወገቡን የሚጐዳ ሰው በዚያ እንዳይኖር ተደርጓል።

ነገር ግን ምቾቱ መልካም ነው ከተባለ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። በአይስላንድም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች ዓሣ አስጋሪ የሚከፈለው በወር ደመወዝ ሳይሆን ከተሸጠው ዓሣ በድርሻ ነው። ስለዚህ ነዳጅ ሲወደድ፥ አዲስ መርከብም ሲገዛ፥ ዕዳው ከፊሉ በድርሻው ሒሳብ በኩል ወደ ሠራተኛው ይዞራል። ከዲሴምበር 2016 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 ድረስ ዐሥር ሳምንት ያህል በቆየው የአይስላንድ መርከበኞች የሥራ ማቆም ክርክር የተነሡት ነገሮች ይህንኑ የሚያሳዩ ነበሩ። ከዓሣው ዋጋና ከነዳጁ ሒሳብ በተጨማሪ፥ መርከበኞቹ በመርከብ ላይ የሚበሉትን ምግብ፥ የሚለብሱትን የሥራ ልብስ፥ ከቤተ ሰባቸው ጋራ የሚገናኙበትን የስልክና የኢንተርኔት ክፍያ፥ ደግሞም መርከቡ አዲስ በሆነ ጊዜ ከድርሻቸው የሚቀነሰውን ገንዘብ አንሥተው ተከራክረዋል። በዚያን ጊዜ መርከቦቹ በወደብ ታስረው ሰነበቱ፤ የዓሣ ማዘጋጃ ፋብሪካዎችም ሥራ ፈቱ። የምግብና የሥራ ልብስ ዋጋ ከዐሥር ሳምንት ሥራ መፍታት ጋራ ሲመዛዘን የትኛው እንደሚከብድ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የተባለው ለእንደዚህ ያለው ቁጠባ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ በባለንብረቶች ላይ ብቻ የሚጣል ግን አይደለም፤ ሕግ አውጪዎችም ድርሻ አላቸው። በ1969 በለንደን የተፈረመው የመርከብ መለኪያ ስምምነት ግሮስ ቶን የሚባለውን መጠን የሚያወጣው በመርከቡ ውስጥ ካለው የተዘጋ ስፍራ ሁሉ ነው። መለኪያው ዓሣ የሚቀመጥበትንና ሰው የሚተኛበትን አይለይም። 1,000 ሜትር ኩብ የተዘጋ ስፍራ ያለው መርከብ በዚሁ ሒሳብ 260 ግሮስ ቶን ይሆናል፤ ባለንብረቱ ለሠራተኞቹ መኝታና መታጠቢያ 40 ሜትር ኩብ ቢጨምር ወደ 271 ከፍ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ የዓሣ ሀብታቸው እንዳያልቅ በማሰብ ለእያንዳንዱ አገር የመርከቦች ጠቅላላ ግሮስ ቶንና የሞተር ኃይል ከተወሰነው ጣራ እንዳያልፍ ደንግገዋል። የድንጋጌው ዓላማ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሰፋ ያለ መኝታ አንዲት ዓሣ እንኳ የማይዝ ሆኖ ሳለ፥ ዓሣ የማስገር አቅም ተብሎ ሲቈጠር ባለንብረቱ ለሠራተኛው ደግ በመሆኑ የሚቀጣ ይሆናል። የመኖሪያው ስፍራ ከማስገሪያው አቅም ተለይቶ ቢለካ ፍትሕም፥ ጥቅምም ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1966 ስለ ዓሣ አስጋሪዎች መኖሪያ ስምምነት አውጥቶ ነበር፤ በ2007 ደግሞ ሰፋ ያለውን የዓሣ ማስገር ሥራ ስምምነት አጸደቀ፥ ይኸውም ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ስምምነት መሠረት ከሦስት ቀን በላይ በባሕር ላይ የሚቆይ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፥ በሰባት ቀን ውስጥ 77 ሰዓት ማረፍ አለበት። ርዝመታቸው 24 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ አዳዲስ መርከቦች የክፍሉ ጣራ ከ200 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፥ በአንድ መኝታ ክፍልም ከአራት ሰው በላይ እንዳይተኛ ታዟል። በንግድ መርከብ ላይ የሚሠራው መርከበኛ በ2006 በወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የተጠበቀ ሲሆን፥ ያ ስምምነት የዓሣ ማስገሪያ መርከቦችን አይመለከትም። ስለዚህ የ2007ቱን ስምምነት ያልተቀበለ አገር ዓሣ አስጋሪ በብሔራዊ ሕጉ ብቻ ተማምኖ ይኖራል። ይኸው ድርጅት በ1999 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 24,000 ሰዎች በዓሣ ማስገር ሥራ እንደሚሞቱ አመልክቶ ነበርና፥ ነገሩ የፍራሽ ክርክር ብቻ አይደለም።

በሌላ ወገን ያለው ተቃውሞም ሊሰማ ይገባዋል። አንድ ወይም ሁለት መርከብ ብቻ ያለው፥ ከባንክ ተበድሮ የሚሠራ ባለንብረት፥ ትልቅ ኩባንያ የሚያሠራውን ዓይነት መርከብ ማሠራት አይችልም። መርከቡ በሰፋ ቍጥር የሚገፋው ውሃ ይበዛል፥ ነዳጁም ይጨምራል። ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከምቾት ብዙው ክፍል በስፋት የሚገኝ አይደለም። መኝታውን ከመርከቡ አፍንጫ ይልቅ መናወጡ ወደሚቀንስበት ወደ መካከሉ ማቅረብ፥ ሞተሩን ንዝረት በሚያበርድ ጎማ ላይ ማስቀመጥ፥ የማይንሸራተት ወለል ማንጠፍ፥ እርጥብ ልብስ የሚደርቅበትን ስፍራ መለየት፥ ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ የታሰበ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ወጪ መጠነኛ ነው። መርከቡ ካለቀ በኋላ ይስተካከል ሲባል ግን ብረት መቍረጥና ወራት መጠበቅ ይመጣል። ለአነስተኛው ባለንብረት የሚያበድር ባንክም የመርከቡን ዋጋ ሲገምት የሞተሩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው የሚሰነብትበት መሆን አለመሆኑን ቢመረምር፥ የሚጠብቀው የገዛ ብድሩን ነው።

እንግዲህ በጥልቅ ባሕር ዓሣ ማስገር ንግድ ውስጥ ርካሽ መርከብ ማለት በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ የተጻፈለት ማለት አይደለም። ርካሹ መርከብ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ዓመት ከዓመት ተመልሰው የሚሳፈሩበት፥ ዓሣውን ሳይጎዳ የሚያመጣ፥ ሰዎቹንም በሕይወት ወደ ቤታቸው የሚመልስ ነው። መኝታውን ከሒሳቡ የሰረዘ ባለንብረት ወጪውን አላጠፋውም፤ በእርሱ ስም ከሚጻፈው መዝገብ አውጥቶ በመርከበኛው ሰውነት ላይ ጻፈው እንጂ። በሰው ሰውነት ላይ የተጻፈ ዕዳም አንድ ቀን፥ በሥራ ማቆምም ሆነ በአደጋ፥ ከነወለዱ ወደ ባለንብረቱ መዝገብ ይመለሳል። መሣሪያ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ፥ መሣሪያው በባሕርም ላይ ይሠራ በየብስ፥ ይህን ዕዳ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ቢደምረው ይሻለዋል።