የእንጆሪ ጁስና የኪስ ነገር

የዛሬው ጨዋታችን የሚጠጣ ነው። ጁስ! ያውም የእንጆሪ ጁስ። “ስለ ጁስ ደግሞ ምን ይወራል?” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። በአንድ ብርጭቆ ጁስ ሰበብ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር መቀጣጠር ጀምሬ ነበር። ስሟ ይቆየን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጁስ ቤት ገባን። ያን ሰሞን ቺስታ ነበርኩ፤ ከቤት የወጣሁት ኪሴን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነው። እሷ የእንጆሪ ጁስ አዘዘች። እኔ “ምሳ ከብዶኛል” ብዬ በማኪያቶ ተወሰንኩ። ጨዋታው ደርቷል፣ ሳቅ በሳቅ ሆነናል። ድንገት ብርጭቆዋን አጋባችና አስተናጋጁን “አንድ ይደገም” አለችው። ጆሮዬ ጭው አለ! ሒሳቡ ሲመጣ እንደፈራሁት ጎደለኝ። እጄን የምታጠብ መስዬ ተነሣሁና ባንኮኒው ጋ ሄጄ ሰዓቴን አስያዝኩ። ልጅቷን በሳቅ ሸኘኋት፤ እኔ በእግሬ እያዘገምኩ ሰፈሬ ገባሁ።

ታላቅ እህቴ ፊቴን አይታ አወጣጣችኝ። መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ “አንተ ጅል፣ ለጁስ ብለህ ሰዓት ታስይዛለህ? ነገ ግማሽ ኪሎ እንጆሪ ይዘህ ና፣ ላሳይህ” አለችኝ። ያሳየችኝን፣ በኋላም እያነበብኩ የጨመርኩበትን እነሆ።

በቅድሚያ፣ እንጆሪ ስል ግራ የሚጋባ አይጠፋም። በደጋው አገር ልጆች ከእሾሃማ ቁጥቋጦ እየለቀሙ የሚበሉት እንጆሪ ሌላ ነው፤ ጁስ ቤት የምናገኘው ቀዩና ፍሬው ከላዩ ላይ የተነጠበበት ደግሞ ሌላ። ይኼኛው ከሩቅ የመጣ ነው። በ1714 እ.ኤ.አ. ፍሬዚዬ የተባለ ለስለላ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተልኮ የነበረ ፈረንሳዊ መኮንን የእንጆሪ ተክል ከቺሊ ወደ አገሩ ይዞ ተመለሰ። እዚያ ከሰሜን አሜሪካ ከመጣው ዘመዱ ጋር ተዳቀለና ዛሬ ዓለም የሚበላው ትልቁ እንጆሪ ተወለደ።

ወደ ገበያው እንሂድ። ማንጎና አቮካዶ ጥሬውን ገዝታችሁ ቤት ብታስቀምጡት ይበስላል። እንጆሪ ግን አንዴ ከተቀጠፈ በኋላ ቢቀላ እንጂ ጣፋጭነት አይጨምርም። ስለዚህ ከቅጠሉ ሥር ነጣ ያለውን ተዉት፤ እስከ አንገቱ የቀላውንና ሽታው የሚጠራችሁን ምረጡ። በዕቃ የታሸገ ከሆነ ገልብጣችሁ ከታች እዩት። ውሃ አውጥቶ ዕቃውን ካበላሸ ወይም አንዷ ፍሬ ሻጋታ ከያዘች ሌሎቹም ብዙ አይቆዩም።

ቤት ስትደርሱ ቶሎ አትጠቡት! እርጥበት ያሻግተዋል። ሳትነካኩት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና ልትሠሩ ስትሉ እጠቡት። አረንጓዴውን ቅጠል ከመታጠቡ በፊት አትንቀሉ፤ በተነቀለበት ቀዳዳ ውሃ ይገባና ጣዕሙን ያቀጥነዋል። ሰላጣ በአቼቶ እንደምናጥበው ሁሉ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ንከሩትና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እንጆሪ መሬት አጠገብ የሚያፈራ፣ ላዩም ሸካራ የሆነ ፍሬ ነው። አቼቶው ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ጁስ ደግሞ እሳት አይነካውም፤ ስለዚህ ታይፎይድና አሜባ የሚገቡበት በር ሰፊ ነው። የምታለቀልቁበት፣ የምትቀላቅሉበትና በረዶ የምትሠሩበት ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በመድኃኒት የታከመ ይሁን። እጅ፣ ቢላዋና የጁስ መፍጫውም በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ሥራው፦

ግማሽ ኪሎ እንጆሪ ለሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ይበቃል። ቅጠሉን ንቀሉ፣ ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነስንሱበት፣ ግማሽ ሎሚ ጭመቁበትና ለሃያ ደቂቃ ተዉት። ስኳሩ የፍሬውን ውሃ ይስበዋል፤ ስትመለሱ ሳህኑ ሥር ቀይ ሽሮፕ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ሎሚው ጣዕሙን ያነቃዋል፣ ቀለሙም ቶሎ እንዳይጠቁር ይረዳል። ከዚያ ከነሽሮፑ መፍጫው ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አክላችሁ ለሠላሳ ሰከንድ ፍጩት። “ይድቀቅ” ብላችሁ ብታቆዩት አየር ይገባበታል፤ አረፋ ይሆናል፣ ቀለሙም ይገረጣል። ጥርሳችሁ ውስጥ የሚገባው ፍሬ የሚያስጠላችሁ ከሆነ በማጥለያ አጥልሉት።

መብራት ጠፋ? መፍጫ የላችሁም? ችግር የለም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በሹካ ጨፍልቁት፣ ከዚያ ማጥለያ ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹት። ትንሽ ክንድ ይፈልጋል እንጂ ጣዕሙ አይታማም።

ወተት የምትወዱ፣ በፍስክ ቀን መሆኑ ነው፣ ፈልቶ የቀዘቀዘውን በመጨረሻ ጨምሩና ወዲያው ጠጡት። እንጆሪውም ሎሚውም ኮምጣጣ ስለሆኑ ወተቱ ከቆየ ይቋጠራል። እንዲያውም ወተት ካሰባችሁ ሎሚውን ተዉት። በጾም ቀን ውሃው ብቻውን ይበቃል።

ስኳር ላይ እጃችሁ አይፍታታ። መቶ ግራም እንጆሪ ራሱ 5 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አንድ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር፣ የጁሱንም ጨምሮ፣ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይላል። የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ካላችሁ ፍሬውን እንዳለ ቢበላ ይሻለዋል። ጥሩ ዜናው ደግሞ፣ መቶ ግራሙ ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለ። ይህ ቫይታሚን በአየርና በሙቀት ስለሚቀንስ ጁሱን እንደተሠራ ጠጡት። ከተረፈ ተከድኖ ፍሪጅ ይግባ፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን አታሳድሩት።

ልጅቷስ? አትሉም?

በሳምንቱ እናቴና እህቴ ባሉበት ቤት ጋበዝኳት። ጁሱን በገዛ እጄ ሠርቼ አቀረብኩ። ቀመሰችና “አንተ ነህ የሠራኸው?” አለችኝ። እህቴ በሩ ጋ ቆማ በዓይኗ “ንገራት” ትለኛለች። አላስችል አለኝና የሰዓቱን ጉድ ዘረገፍኩት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ቆይታ፣ “እኔ እኮ ልከፍል ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል ተነሥተህ ሄደሃል። ስትመለስ እጅህ ላይ ሰዓት የለም። ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ነው የሳቅሁት” አለችኝ።

ለካ እሷም ስትሳቀቅ ከርማለች! ሁለታችንም እየሳቅን፣ ሁለታችንም ተጨንቀን ተለያይተናል። ሰዓቴን ያስያዘኝ ይሉኝታዬ ነው እንጂ የእንጆሪው ጁስ ምን አደረገ?

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ኪሳችሁ ሲሳሳ “ዛሬ የለኝም” ማለትን ልመዱ። እህቶቼ፣ እናንተም ቦርሳችሁን ቶሎ ክፈቱ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ እንጆሪ በጋራ ግዙና አንዳችሁ እጠቡ፣ አንዳችሁ ጭመቁ።

ሰዓቴን ሰኞ ዕለት አስመልሻለሁ። ግማሹን የከፈለችው እሷ ናት። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!